አሚን ያለው አጥቂ

በዚህ አገር የመጀመሪያው የኳስ ተጫዋች ወኪል ማን ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ፣ አታመንቱ፣ የኔን ስም ጥሩለት። ማስረጃ አምጡ ካላችሁም ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ላኩት። ከብት ተራው ላይ ቆሞ «ያ ኳስ ተጫዋች ለፋብሪካ ሊያስቀጥር የተነሳው የበሬ ደላላ ቤቱ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ደጄ ድረስ ያደርሱታል። መንገድ ላይ ትንሽ ይስቁ ይሆናል እንጂ ማድረሱንስ ያደርሱታል።

አሁን በሬዲዮ እንደምሰማው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥለው፣ ተጫዋች ከአገር አገር የሚያዘዋውሩ፣ የውጭ ቡድን ከአገር ቤት ቡድን ጋር የሚያጋጥሙ ድርጅቶች አሉ አሉ። ጎሽ፣ ይበርቱ! እኔ ግን ይህን ሁሉ በደርግ ጊዜ፣ ብቻዬን፣ በአንድ አሮጌ ካፖርትና በአንድ ሽመል ሠርቼዋለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ጉራ ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አሳምሬ አወራችሁ ነበር።

ሥራዬ የከብት ድለላ ነበር። ሌላው ደላላ የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል። እኔ አረማመዱን ነው የማየው። በሬ እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ ካየሁ ልኩን አውቃለሁ። እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመኪናው መንገድ በታች፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ሳልፍ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየሁና ዐይኔ አንድ እግር ላይ ቀረ። የማን እግር ነው ብዬ ቀና ስል የጎረቤቴ ልጅ ሰይድ ነው!

ሰይድ የእትዬ ዘሀራ አንድ ልጅ ነው። ሌላ የላቸውም፤ ባላቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጠዋት በታንኳ ወጥቶ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከሰዓት ሜዳ ወርዶ ሰው ያሠቃያል። ማሠቃየት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። አንዱን ተከላካይ አልፎት ይሄድና፣ ቅር እንዳይለው ነው መሰለኝ፣ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ያልፈዋል። ከሜዳ ሲወጣ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ ቆሞ የሚያሳልፍ፣ የጨዋ ልጅ ነበር። ይህ ጨዋነቱ በኋላ ምን እንዳደረገኝ ትሰማላችሁ።

በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው መጣ። ቀበሌው የወጣቶች ዝርዝር ማዘጋጀት ጀመረ። ሰይድ ዕድሜው ልክ፣ ጤናው ልክ፣ ቁመቱ ልክ። እትዬ ዘሀራ አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠሩኝና፣ «አንተ ሰው፣ አንካሳ በሬ ሳይቀር ገዢ ታገኝለታለህ ይሉሃል። ለኔ ልጅ መላ ታጣለት?» አሉኝ። ቀልድ አስመስለው ነው የጀመሩት። ሳይጨርሱት እንባቸው ቀደማቸው።

እኔ ደግሞ ሰው ፊቴ ሲያለቅስ አፌ አይታዘዘኝም። «አብሽሩ እትዬ ዘሀራ! ልጅዎ ፋብሪካ ይገባል» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ እውነትም መላ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ «የምርት ግንባር ላይ ነው» ተብሎ ይታለፋል እየተባለ ይወራ ነበር። ኮምቦልቻ ደግሞ ኳስ ተጫዋች እየቀጠረ ቡድን የሚያጠናክር አንድ ፋብሪካ አለ። በማግስቱ ካፖርቴን ለብሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም አቶ ታደሰ የሚባሉ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የኳስ ቡድኑን ተጫዋች የሚመርጡትም እሳቸው ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ ስለ ሰይድ ያላልኩት የለም። በስተመጨረሻ «እግሩን ያነሳበትን አያዩትም፣ ኳሱን ያሳረፈበትን ብቻ ነው የሚያዩት» ስል ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ወንድሜ» አሉኝ፣ «እንዳንተ ያለ ሰው በየሳምንቱ ይመጣብኛል። የሁሉም ልጅ ሜዳ ላይ ይበራል። በማን ላይ ነው የሚበረው ስል በጎረቤት ቀበሌ ላይ ነው። የአንተ ልጅ ከውጭ አገር ቡድን ጋር ገጥሞ፣ ግብ ሲያስቆጥር በዐይኔ ካየሁ በማግስቱ አስቀጥረዋለሁ። በል ደህና ዋል።»

ሊሸኙኝ ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ገበያ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ቃል ከአፍ ሲወጣ እይዛለሁ።

«መቼ ይመችዎታል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ» አሉኝ፣ እየሳቁ።

የውጭ ቡድን ከየት ይመጣል እንዳትሉ። ያን ጊዜ በአርዲቦ ሐይቅ በኩል የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ፈረንጆች ድንኳን ተክለው ነበር። ከየትኛው አገር እንደሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያኔ ነጭ ሁሉ ለእኛ ራሺያ ነበር። አስተርጓሚያቸው መኮንን የሚባል እዚያው አገራቸው የተማረ የኛ ልጅ ነው። ሄጄ ነገርኩት። እነሱም ጉድጓድ ከመቆፈር ሌላ ጨዋታ ናፍቋቸው ኖሮ ዘለሉ። ቆጠርናቸው፤ ስምንት ሆኑ። ወጥ ቤታቸውን ጨመርን፣ ሾፌራቸውን ጨመርን፣ መኮንንን ራሱን ጨመርን። ዓለም አቀፍ ቡድን ሞላ!

የቀረው የቀበሌ ፈቃድ ነው። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ «አንተ እዚህ ነገር ውስጥ ምንህ ነው?» አሉኝ። «የልጁ ወኪል ነኝ» አልኩ። «ወኪል ማለት ደላላ ማለት አይደለም? የሰው ደላላ ሆንክ ማለት ነው?» በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢሮ ውስጥ ከተጀመረ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። «ኧረ ጓድ ሊቀመንበር! ይህ የሶሻሊስት ወዳጅ አገሮች የወዝአደር የወዳጅነት ግጥሚያ ነው። እንዲያውም የመክፈቻ ንግግር የሚያደርግ ትልቅ ሰው ነው ያጣነው» አልኩ። ፊታቸው በራ። ድምፅ ማጉያውን ራሳቸው ሊያመጡ ቃል ገቡ።

ቅዳሜ ደረሰ። ፈረንጆቹ በጭነት መኪናቸው ከተፍ አሉ። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ የሰፈሩ ሴቶች ከበቡኝ። «እንግዳ ሳይበላ ነው የምታስሮጠው? ከየት አገር ነው የመጣኸው አንተ?» እኔማ ከጨዋታው በኋላ ይበላሉ ብዬ ነበር። አንዷ «ሰው ምን ይለናል!» አለች፤ በኛ አገር ይህች ቃል ከተነገረች ክርክር ተዘጋ ማለት ነው። ሁለት በግ ቀድሞውኑ ታርዷል። አንዱን እስላሙ አርዶታል፣ ሌላውን ክርስቲያኑ። እንግዳ ሲመጣ ወግ ነው፣ ሁሉም እንደ ሃይማኖቱ ይበላል። ጥያቄው ፈረንጆቹ ወደ የትኛው ትሪ ይሂዱ የሚለው ሆነ።

«ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?» አልኩት መኮንንን።

«ሃይማኖት የላቸውም።»

«እንዴት የላቸውም? የማን ሥጋ ነው የሚበሉት ታዲያ?»

«የበግ» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። ሐይቅ ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ጉዳይ አጋጥሟት የሚያውቅ አልመሰለኝም። በመጨረሻ አንዱን ወገን መርጠው ሌላውን ከሚያስቀይሙ ከሁለቱም ይብሉ ተባለ። በሉ። አንዱ ትሪ ላይ እጃቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ «የኛን ንቀው ነው?» ይባላል፤ ሌላው ላይ እንደገና ይጎርሳሉ። ወጥ ቤቱ ግብ ጠባቂ ነበር፤ ሰውዬው ሲበላ ያጎረሰው ሰው ብዛት! ሲነሳ ሁለት ሰው ደገፈው።

እኔ በልቤ ደስ አለኝ። እነዚህ ሰዎች እንዲህ በልተው ሰይድን ሊያቆሙት? አምስት ያስቆጥራል ብዬ ደምድሜአለሁ። አቶ ታደሰም በፋብሪካው መኪና መጥተው፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘሀራ መንገዱ ዳር ከፍታው ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል። ሁሉም ነገር ተሳክቶ ነበር።

አሁን የጥፋቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔ ነኝ። በኛ አገር ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም። መንገድ ይሁን፣ ሠርግ ይሁን፣ በሬ ይሁን፣ መጀመሪያ እጅ ይዘረጋል። እኔም ነገሩ እንዲሰምር ብዬ የሰፈራችንን ሼህ፣ ሼህ እንድሪስን፣ «ሼሁ፣ በተለይ ለእንግዶቹ አደራ፣ ደህና አድርገው ዱዓ ያድርጉልን» አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ወፍ መቁጠር ጀመሩ። ሁለቱም ቡድን መሐል ሜዳ ተሰለፈ።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ! እነዚህን እንግዶቻችንን ከደጃችን ሳያፍሩ መልሳቸው።»

«አሚን!» አለ ሜዳው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም።

«ልጆቻችንንም በእንግዳ ፊት አታሳፍርብን።»

«አሚን!»

«አንዱ ደረቱን ነፍቶ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት ቀን አታድርግብን።»

«አሚን!» ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የኔ ድምፅ ነበር። ሊቀመንበሩም ወፎቹን እያዩ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰዋል፤ አይቻቸዋለሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሰይድ ኳሷን እንደያዘ ሁለቱን አለፈ፣ ሾፌሩን አለፈ፣ መኮንንን ሁለቴ አለፈ። ከግብ ጠባቂው ጋር ተፋጠጠ። እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅያለሁ። ሰይድ ቆመ። ኳሷን በእግሩ ስቦ ዞረና ወደ ራሳችን ተከላካይ መለሳት።

መቼም ሰውነቱን እያሟሟቀ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሁሉንም አልፎ ደረሰ፤ እንደገና መለሳት። ሦስተኛ ጊዜ ኳሷን አክርሮ ሲመታት በቋሚው በኩል አልፋ ሐይቁ ውስጥ ገባች። ዓሣ አጥማጆቹ በታንኳ አመጧት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ገባች፣ ደግሞ አመጧት። አንደኛው አጥማጅ «ሰይድ፣ ዛሬ ዓሣውን ሁሉ አባረርከው እኮ!» እያለ ይጮሃል። አቶ ታደሰ ደብተራቸው ላይ አንድም ነገር አልጻፉም።

እረፍት ሲሆን ሰይድን ከቡድኑ ነጥዬ ወደ ባሕር ዛፉ ወሰድኩት።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ? አሞሃል?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አታስቆጥርም?»

መሬት መሬት እያየ፣ «አሚን ብያለሁ እኮ ጋሼ» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«ካስቆጠርኩባቸው ያፍራሉ። ሼሁ እንዳያፍሩ ለመኑ፤ እኔም አሚን አልኩ።»

«የተለመነው ፈጣሪ ነው! እሱ ያድርገው! አንተ ምን ቤት ነህ?»

«እግሩ የኔ ነዋ» አለኝ።

እስቲ ለዚህ ምን ይባላል? ጥዬው ወደ ሼህ እንድሪስ ሮጥኩ። ከዛፍ ሥር ጋደም ብለው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል።

«ሼሁ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ያቺን ዱዓ አንሱልን!»

«ምኑን?»

«ዱዓውን። ለአንድ ግብ ብቻ። ከዚያ ይመልሱታል።»

ተነስተው ቁጭ አሉ። «ዱዓ በሬ መሰለህ እንዴ፣ ገበያ ወስደህ የምትመልሰው? እኔ ለመንኩ፤ ልጁ አሚን አለ። አታስቆጥር ግን አላልኩትም። እሱንና ጌታውን እኔ ምን አገባኝ!»

ይህን ይዤ ወደ ሰይድ ተመልሼ ሮጥኩ። «ሼሁ አታስቆጥር አላልኩም ብለዋል!»

«አስቆጥር ብለዋል?»

«እሱንማ አላሉም።»

«እንግዲያው ጋሼ» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ያን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። ትከሻውን ይዤ፣ «ሰይዴ፣ ካላስቆጠርክ ፋብሪካ የለም። ፋብሪካ ከሌለ የት እንደምትሄድ ታውቃለህ። እናትህ ከማን ጋር ይቀራሉ?» አልኩት። ቀና ብሎ ወደ ከፍታው አየ። እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ቆመዋል። «አውቃለሁ ጋሼ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት» አለኝ፤ «ግን እሷም አሚን ስትል አይቻታለሁ።» ሜዳ ገባ። ብመታውም፣ ባቅፈውም ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር እኔ ወኪልነቴን ትቼ ወደ ልፍለፋ ገባሁ። በመስመሩ ዳር እየሮጥኩ «አስቆጥር! አስቆጥር!» እላለሁ። ሽመሌን እወዘውዛለሁ። የመስመር ዳኛው ሁለት ጊዜ ገፍቶ አስወጣኝ። ለሌላው አጥቂያችን ጮህኩ፤ እሱም አሚን ብሏል። አማካዩም ብሏል። አሥራ አንዱም ብለዋል! ለካ ያ ሁሉ ቡድን ኳስ የሚያንሸራሽረው ሰዓት እንዲያልቅ ነው። ፈረንጆቹ ደግሞ ከሁለት ትሪ በልተው ለማስቆጠር ቀርቶ ለመራመድም አልሆነላቸው። አንዱ መሐል ሜዳ ቁጭ ብሎ ሳር ይነጫል።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ ሰይድ እግር ሥር ገባች። የሚከተለው ፈረንጅ የለም። ወጥ ቤቱ ሊገጥመው ብሎ ከግቡ ወጣ፤ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ። ግቡ ባዶ። ሰይድ ኳሷን እየገፋ ሄዶ፣ ሄዶ፣ መስመሩ ላይ አደረሳት። አንድ ጣት ብትነካት ገባች።

«አስቆጥር! በእናትህ ሞት አስቆጥር!» አልኩ።

ሰይድ ኳሷን በእግሩ ረግጦ ቆመ። ወደ ከፍታው አንዴ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ኳሷን ቀስ አድርጎ ወደ ወጥ ቤቱ አንከባለለለት፤ ሄዶም ብብቱን ይዞ አነሳው። ሰውዬው ሰይድን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ዜሮ ለዜሮ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው «ያሸነፈው ወዳጅነት ነው!» ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ የሚያለቅስ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አቶ ታደሰ ከአግዳሚው ተነስተው ሰይድ ጋ ሄዱ፤ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ደብተራቸውን አጥፈው ወደ መኪናቸው አመሩ። እንባዬን በካፖርቴ ጠርጌ ከኋላቸው በረርኩ። እትዬ ዘሀራም ከከፍታው ወርደው ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ለመቅረብ ፈሩ።

«አቶ ታደሰ፣ ልጁ ዛሬ ትንሽ አሞት…»

«አላመመውም። ጠይቄዋለሁ፣ ነግሮኛል» አሉ። የመኪናውን በር ከፈቱ። «ለቡድኑ አልፈልገውም። ግብ የማያስቆጥር አጥቂ ምን ይሠራልኛል?»

እትዬ ዘሀራን ዞሬ ማየት አቃተኝ።

«ግን» አሉ፣ አንድ እግራቸውን መኪናው ውስጥ አድርገው፣ «የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው የለውም። ቁልፍ ያስረከብኩት ሁሉ ምሎ ገብቶ ሰርቆ ወጣ። ባዶ ግብ ፊት ቆሞ፣ ጠባቂው ወድቆ፣ ነፍሱ አስጨንቃው፣ አገር እየጮኸበት በቃሉ የጸና ሰው ዛሬ አየሁ። ሰኞ ጠዋት ይምጣ። ቁልፉን ለሱ ነው የምሰጠው።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። እንኳንም አላስቆጠረ! ወላሂ እንኳንም አላስቆጠረ! ደስታው ግን ልማዴን አላስተወኝም። «ታዲያ አቶ ታደሰ» አልኳቸው፣ «ግምጃ ቤት ሲባል ሰፊ ነው፤ ሁለተኛ ሰው አያስፈልገውም? እኔም እንዲህ ላለው ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተም ዱዓው ላይ ነበርክ?»

«ያስደረግኩትስ እኔ አይደለሁ!»

«አሚን ብለሃል?»

«ከሁሉም በላይ ጮኼ!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት አስቆጥር እያለ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ማን ነበር?» አሉና በሩን ዘጉት።

መኪናዋ ወደ ደሴ ስትታጠፍ እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ መጥተው ካፖርቴን ያዙ። «ምን አለህ?» አሉኝ።

«ሰኞ ሥራ ይገባል» አልኳቸው።

«ስላንተስ? ስላንተ ምንም አላለም?»

«አመሰገኑኝ» አልኩ።